አትንኩና ትንሿ መስታወት

ተማሪዎቹ ያወጡላት ስም «አትንኩ» ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ስትሠራ በቀን ስንት ጊዜ «አትንኩ!» እንዳለች የቆጠረ የለም። አሲዱን አትንኩ፣ ሚዛኑን አትንኩ፣ ሽቦውን አትንኩ። ስሙን ታውቀዋለች፤ አትጠላውም። ፊት ለፊቷ ግን ደፍሮ የሚጠራት የለም፣ ከአንድ ሰው በቀር። እሱም ታናሽ ወንድሟ ነው።

ወንድሟ መስታወት ቆራጭ ነው። በመቁረጫው ጫፍ ላይ ባለችው የአልማዝ ፍንጣሪ ምክንያት ገበያው «አልማዙ» ይለዋል። ሱቁ ከትምህርት ቤቱ ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ነው። ያለፉትን ሁለት ወራት ሆድና ጀርባ ሆነው ከርመዋል። እሷ በሱቁ ፊት ላለማለፍ በመጋዘኖቹ በኩል ትዞራለች። ዙሪያው ስምንት ደቂቃ ይጨምርባታል፤ ሰዓት ይዛ ለክታዋለች።

የጠቡ መነሻ በትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ባለች ክፍል ውስጥ የቆመ ቴሌስኮፕ ነው።

ቴሌስኮፑን የሠራችው ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ዓመት፣ ከአንድ የፊዚክስ አስተማሪ ጋር ነው። አስተማሪው አንድ ወፍራም ክብ ብርጭቆ አመጣ። በርሜል ላይ አስቀምጠው፣ ሌላ ብርጭቆ ደርበው፣ በመካከሉ የሚፈጭ ዱቄትና ውሃ እያደረጉ፣ በርሜሉን እየዞሩ ሰባት ወር ፈገፈጉት። አስተማሪው ነገር ቶሎ የሚሰለቸው ሰው ስለነበር አብዛኛውን የዞረችው እሷ ናት። በኋላ ሰውየው ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። የተወላት አንድ ደንብ ብቻ ነው፦ «አቧራ ማንንም አልጎዳም። የሚጎዳው ጨርቅ ነው።»

አሠራሩ ቀላል ነው። ፈገፍገው ያስቀቡት፣ በቱቦው ግርጌ የተቀመጠው ትልቁ መስታወት የጨረቃን ብርሃን ሰብስቦ ወደ ላይ ይመልሳል። ከቱቦው አፍ አጠገብ፣ መሐል ላይ፣ አውራ ጣት የምታህል ትንሽ መስታወት ገደድ ብላ ተንጠልጥላለች። እሷ ብርሃኑን ተቀብላ ወደ ጎን፣ ዓይን ወደሚጠጋበት ቀዳዳ ታጥፈዋለች። የቤት መስታወት የሚያንጸባርቀው ቅብ ከጀርባው ነው፤ ብርጭቆው ከፊት ሆኖ ይጠብቀዋል። የእነዚህ ቅብ ግን ከፊት ነው። ከፀጉር በብዙ እጅ የሳሳ አሉሚኒየም፣ ያለ ምንም መከለያ።

ከሁለት ወር በፊት አትንኩ የሐሞት ጠጠር ልታስወጣ ሆስፒታል ገብታ ዘጠኝ ቀን ተኛች። በዚያው ሳምንት የጣሪያዋ ክፍል መስኮት ተሰበረና ትምህርት ቤቱ አልማዙን ጠራ። አልማዙ መስኮቱን ገጠመ። ዕቃውን ሰብስቦ ሊወጣ ሲል የቱቦውን ክዳን አነሣ። ትንሿ መስታወት አቧራ ለብሳለች።

ሠላሳ ዓመት በመስታወት የኖረ ሰው አቧራ አይቶ አያልፍም። ተነፈሰባት፣ ኮምጣጤ ጠብ አደረገባት፣ ሲጢጥ እስክትል ድረስ በጋዜጣ ወለወላት። ትልቁንም አይምረውም ነበር፤ እጁ እስከ ግርጌ አልደረሰለትም እንጂ። ሲወርድ ለጥበቃው «እትዬ ስትመጣ ደስ ይላታል» ብሎ ነገረው።

አትንኩ ከሆስፒታል በወጣች በሦስተኛው ቀን ደረጃውን ቀስ ብላ ወጥታ ጨረቃን አየች። ጨረቃዋ ጭጋግ ውስጥ ነበረች። ሰማዩ ግን ጭጋግ አልነበረውም። ትንሿን መስታወት ፈትታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣቻት። መሐሏ በጭረት ተዥጎርጉሯል፤ ቅቡ ከመሳሳቱ የተነሣ ማዶውን ያሳያል።

ስፌቷ ገና ሳይጠግግ ወደ ሱቁ ወረደች።

«በምን ጠረግሃት?»

«ኧረ እንኳን ለዚህ አበቃሽ! ቁጭ በይ እንጂ፣ ወንበር…»

«በምን?»

«በኮምጣጤና በጋዜጣ ነዋ! መስታወት ሌላ በምን ይጠረጋል? ሐኪም ልጥራላት?»

«ቅንድቧን ልትኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች ሲባል፣ ስለ ሴት ይመስለኝ ነበር።»

«ውለታ ነው የሠራሁልሽ!» አለ አልማዙ፤ ፊቱ ቀላ። «ድሮም ምስጋና አታውቂም። እማማ እውነቷን ነው፤ ልቧ ለዕቃ ብቻ ነው ትልሽ የነበረው።»

«ዕቃ ያስቀመጡት ቦታ ይገኛል» አለችና ወጣች። በመጋዘኖቹ በኩል መዞር የጀመረችው ያን ቀን ነው።

አዲሱ ርዕሰ መምህር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ሰዓት አክባሪ፣ ፈገግታ የሚቆጥብ ሰው ነው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ውሃ በሳምንት ሦስት ቀን ይጠፋል። ጣሪያ ላይ ትልቅ ታንከር ሊያስቀምጥ አስቦ ወጥቶ ቢያይ፣ ለታንከር የሚሆን ጠንካራ ወለል ያለው አንዱ ቦታ የአትንኩ ክፍል ሆኖ አገኘው። ሰኞ ጠዋት ቢሮው ጠራት።

«ያ ቴሌስኮፕ ይሠራል?»

«ትንሿ መስታወት ተበላሽታለች።»

«ስለዚህ አይሠራም።»

«ትጠገናለች።»

«ስምንት መቶ ተማሪ ውሃ የሌለው መጸዳጃ ቤት ይገባል። እርስዎ ደግሞ የማይሠራ ቱቦ በቁልፍ ዘግተው ያስቀምጣሉ። ለወላጆች ምን ብዬ ላስረዳ? እስቲ ይንገሩኝ።»

«ታንከሩ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ይቁም። የድሮው መሠረት አለ። ሁለት ሜትር የብረት ማማ ቢሠራለት ግፊቱ ይበቃል።»

«ምህንድስናም ይሠራሉ እንዴ?»

«ውሃ ወደ ታች እንደሚወርድ ለማወቅ ምህንድስና አያስፈልግም።»

ርዕሰ መምህሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ሐሙስ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እወጣለሁ። ጨረቃን በገዛ ዓይኔ ካየሁ እንነጋገራለን። ካላየሁ ዓርብ ጠዋት ቱቦው ወደ ምድር ቤቱ መጋዘን ይወርዳል።»

«መጋዘኑ ግድግዳው እርጥበት አለው። ትልቁ መስታወት አንድ ክረምት አይቆይም።»

«እንግዲህ ሐሙስ ድረስ ሦስት ቀን አለዎት» አለና የሚቀጥለውን ወረቀት ሳበ።

ሰውየው ፍርደ ገምድል አልነበረም፤ ይህን አትንኩም አትክድም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከቀድሞ ትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት አንድ ትርፍ መስታወት አስመጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረላት። «ሰበብ እንዳይኖር» አለ።

መስታወቷ እውነተኛ ነበረች። ቅቧ ከፊት ነው፣ ጭረት የላትም። ስፋቷ ግን ሃምሳ ሚሊሜትር ነው።

«ትሰፋለች» አለች አትንኩ።

«ትልቅ ከሆነ ይሻላል እንጂ! ብዙ ብርሃን ነው የምትይዘው።»

አትንኩ መሳቢያዋን ከፍታ ጥቁር ካርቶን አወጣች። አንዱን ክብ ሃያ አምስት፣ ሌላውን ሃምሳ ሚሊሜትር አድርጋ ቆረጠች። የትልቁን መስታወት ልክ ወረቀት ላይ ስላ መሐሉ ላይ ተራ በተራ አስቀመጠቻቸው።

«ትንሿ መስታወት የምትቆመው በትልቁ ፊት ነው። ስትሰፋ የምትይዘው ብርሃን ሳይሆን የምትጋርደው ነው የሚጨምረው። ከዚህ ውጪ ደግሞ ከባድ ናት፤ ተሸካሚው ክንድ ቀጭን ነው።»

«ይሞክሯታ!»

ሞከረቻት። ማክሰኞ ማታ ፀሐይ እንደጠለቀች በሽቦ አስራ ሰቀለቻት። ጨረቃ ቀዳዳው ውስጥ ገባች፤ ወተት የፈሰሰባት ትመስላለች። ቱቦውን ትንሽ ከፍ ስታደርገው ክንዱ ከክብደቷ የተነሣ ጎበጠና ጨረቃ ከቀዳዳው ወጥታ ጠፋች። መልሳ አስተካከለቻት። መልሳ ጠፋች። መስታወቷን ፈትታ፣ ጠቅልላ፣ ረቡዕ ጠዋት ለርዕሰ መምህሩ ጸሐፊ ሰጠች። ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ሆኖ አያት። «የሰጡትን የማይቀበል ሰው ኋላ ማንን ይወቅሳል?» አለ።

ሁለተኛዋ መስታወት የመጣችው በዚያው ጠዋት ከአልማዙ ነው። ወሬውን ከጥበቃው ሰምቶ ኖሮ፣ እንደ ሁልጊዜው በጋዜጣ የተጠቀለለች ዕቃ በጥበቃው እጅ ላከ። አትንኩ ፈታቻት። ሞላላ ናት፣ ልኳም ልክ ነው፤ ጠርዟ ጣት እንዳይቆርጥ ተሞርዷል። ውብ ሥራ ነው። ጋዜጣው ዳር ላይ በማርከር «የዚህችኛዋ ቅብ አይለቅም» ተብሎ ተጽፏል።

አትንኩ እርሳስ ቀርጻ ጫፉን መስታወቷ ላይ አሳረፈች። በእርሳሱ ጫፍና በምስሉ ጫፍ መካከል ክፍተት አለ። ቅቡ ከጀርባ ነው ማለት ነው፤ የቤት መስታወት። እንዲህ ዓይነቷ ጨረቃን ሁለት አድርጋ ታሳያለች።

መልሳ ጠቀለለቻትና ለጥበቃው ሰጠችው። «ጢሙን ይላጭባት በልልኝ።»

ሦስተኛዋን ያገኘችው ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ከሞተ ስድስት ዓመት የሆነው ፎቶ ኮፒ ማሽን ጥግ ላይ ተገትሯል። ሆዱን ፈትታ አንድ ረዥም ቀጭን መስታወት አወጣች፤ ርዝመቱ ሠላሳ አራት ሳንቲሜትር፣ ስፋቱ ሦስት። እርሳሷን አሳረፈችበት። ጫፍና ጫፍ ተነካኩ። ቅቡ ከፊት ነው።

ቀጥሎ ዝርግነቱን ማወቅ ነበረባት። የቤተ ሙከራውን ቢጫ የሶዲየም መብራት አበራች። መስታወቱን በአየር አራግፋ፣ ዝርግ መሆኑን የምታውቀውን የብርጭቆ ፕሪዝም ቀስ ብላ ላዩ ላይ አስቀመጠች። በሁለቱ መካከል ጥቋቁር መስመሮች ታዩ። መስመሮቹ ቀጥ ካሉ መስታወቱ ዝርግ ነው፤ ከጎበጡ ጠማማ ነው። ፕሪዝሙን እያነሣች ከዳር እስከ ዳር ሄደች። ጫፍና ጫፉ ላይ መስመሮቹ እንደ ቀስት ጎበጡ። መሐል ላይ፣ ከአሥራ አራተኛው እስከ አሥራ ዘጠነኛው ሳንቲሜትር፣ እንደ ማስመሪያ ቀጥ አሉ።

አምስት ሳንቲሜትር። አንዲት መስታወት ይወጣዋል፤ ሁለተኛ አይወጣውም።

ልኩን በወረቀት ሠርታዋለች። ብርሃኑ ከትልቁ መስታወት ተነሥቶ እየጠበበ ይመጣና ትንሿ ዘንድ ሲደርስ ሃያ አንድ ሚሊሜትር ስፋት ይኖረዋል። ዳር ዳሩ እንዳይቀር አራት ጨመረች፦ ሃያ አምስት። መስታወቷ ገደድ ብላ ስለምትቆም ርዝመቷ ሠላሳ ስድስት። ሞላላ ለማውጣት ጊዜ የለም፤ አራት ማዕዘን ተደርጋ ጥጎቿ ይነቀላሉ።

ገበያው ውስጥ ከአልማዙ ሌላ ሁለት ቆራጮች አሉ። የመጀመሪያው ጠማማዎቹን ጫፎች ከመሐሉ ለየላት፤ ቀጥ ያለውን ማንም ይቆርጣል። ከዚያ አንዱን ጫፍ ሰጥታ ጥጉን እንዲነቅል ጠየቀችው። ሰነጠቀው። ሌላውን ጫፍ ለሁለተኛው ሰጠች። ጥጉ ግማሹን መስታወት ይዞ ሄደ። ሰዓቱ ዘጠኝ ሆኗል። ሁለቱን ስብርባሪዎች ኪሷ፣ ደህናውን ቁራጭ ደግሞ ክዳን ባለው የቤተ ሙከራ ሳህን አድርጋ ተነሣች። በመጋዘኖቹ በኩል አልዞረችም።

አልማዙ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ የሱቅ መስኮት ይለካ ነበር። ቀና ብሎ አያትና ወደ ሥራው ተመለሰ።

«ጢሜን ተላጭቻለሁ» አለ።

«አየሁት። ጉንጭህ ላይ ስተሃል።»

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«የሚቆረጥ አለኝ።»

«ገበያው ሙሉ ቆራጭ አይደለም እንዴ?»

አትንኩ ስብርባሪዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች። አልማዙ አንዱን አንሥቶ ወደ ብርሃኑ ያዘው። ሳይወድ ሳቀ።

«ይሄን በምን ቆረጠው? በጥርሱ ነው?» ስብርባሪውን ወረወረና እጁን ዘረጋ። «አምጪው።»

«መጀመሪያ ስማኝ።»

«አለቀ! ደንብ ይዛ መጥታለች።»

«ምንጣፍህ ላይ አይሆንም። የብርጭቆ ብናኝ አለው።» የጠረጴዛውን አሮጌ ምንጣፍ ጫፍ አጥፋ ከቤተ ሙከራ ያመጣችውን ነጭ ወረቀት ሦስት ደርባ አነጠፈች። «ፊቷ ወደ ታች ትሆናለች፤ ከጀርባዋ ትቆርጣለህ። የመቁረጫህን ጋዝ አታስነካትም።»

«ያለ ጋዝ አልማዝ ይዘላል። እዚያ ፎቅሽ ላይ ፊዚክስ ይሁን፤ እዚህ ግን የኔ ቤት ነው።»

አሰበች። «አንዲት ጠብታ። ጀርባዋ ላይ ብቻ።»

«የምቆርጠው ጀርባዋን አይደል? ሌላ የት ላደርገው ነበር፣ ሻዬ ውስጥ?»

«ፊቷን ደግሞ…»

«አትንኩ!» አለ አልማዙ፣ የእሷን ድምፅ አስመስሎ፣ ጎረቤት ሱቅ ድረስ እንዲሰማ።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። ሁለቱን ያየ ግን በአንድ ነገር አንድ እናት እንደወለደቻቸው ያውቃል፦ እጃቸው ሲሠራ አፋቸው ዝም ይላል። አልማዙ ማስመሪያውን አሳረፈ፣ መቁረጫውን አንድ ጊዜ ብቻ ሳበ፤ ደቃቅ ድምፅ ተሰማ። ቁራጩን ከጠረጴዛው ጠርዝ አሳልፎ ጫን አለ። ቀጭ። ሃያ አምስት። እንደገና ሳበ። ቀጭ። ሠላሳ ስድስት። ከዚያ ፒንሳውን አነሣ። አንደኛው ጥግ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። አራተኛው።

አልማዙ መስታወቷን በጠርዟ ያዛት። ብናኙን ሊያራግፍ እፍ አለባት። ግራ እጁ ሳያይ፣ ወንበሩ ላይ ወደተከመረው ጋዜጣ ተዘረጋ።

አትንኩ ዘላ የእጁን አንጓ ያዘችው።

መስታወቷ ከጣቶቹ አመለጠች። የፒንሳው እጀታ ላይ ነጥራ ነጩ ወረቀት ላይ፣ በጀርባዋ አረፈች። አንዷ ጥጓ ሦስት ሚሊሜትር ያህል ተሸርፋለች።

«ምን ሆንሽ!» ጮኸ አልማዙ። «ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ!»

«ልትወለውላት ነበር!»

«ልጠቀልላት ነበር! በጋዜጣ አይደል የምጠቀልለው? መቼ በሌላ ጠቅልዬ አውቃለሁ? ዛሬ ጠዋት የላክሁልሽ በምን ተጠቅልሎ መጣ?»

አትንኩ አንጓውን ለቀቀች። ሊጠቀልልም ይችላል፣ ሊወለውልም ይችላል። እጁ ራሱ አያውቅ ይሆናል።

«አንቺ ነሽ የጣልሻት። ሰውን ሁሉ አትንኩ፣ አትንኩ ትያለሽ፤ አሁን ማን ነው የነካው?»

መስታወቷን በጠርዟ አንሥታ አየቻት። ብርሃኑ መስታወቷ ላይ የሚያርፈው ሞላላ ሆኖ ነው። ጥጎቿ ጋ አይደርስም፤ ለጠርዝ የጨመረቻቸው አራት ሚሊሜትሮችም አሉ። ሽራፊው ከብርሃኑ መንገድ ውጪ ነው። ምንም አልጠፋም። ይህን ለማወቅ የፈጀባት ሁለት ሰከንድ ነው።

«ተበላሸች?» አለ አልማዙ። ድምፁ ወረደ። የሐሙሱን ቀጠሮ ከጥበቃው ሰምቷል። «እትዬ፣ ተበላሸች ወይ?»

አልነገረችውም። ሁለት ወር ሙሉ ጨረቃን በጭጋግ አይታለች፤ አንድ ሌሊት ደግሞ ጭጋጉን እሱ ይየው። መስታወቷን ሳህኑ ውስጥ አድርጋ ክዳኑን ዘጋችና ወጣች።

ሐሙስ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ርዕሰ መምህሩ ደረጃውን ወጣ። የያዘው ሜትር ነው። ከምንም በፊት የክፍሉን ወለል ለካ፤ ቁመት፣ ወርድ። ደብተሩ ላይ ጻፈ። ከዚያ «እሺ» አለ።

ፀሐይዋ ገና መጥለቋ ነው። ግማሽ ጨረቃ ከጣሪያው በላይ፣ ከፍ ብላ ቆማለች። አትንኩ ቱቦውን አስተካክላ ቦታውን ለቀቀችለት።

«ምንም አይታይም።»

«አንደኛውን ዓይን ነው የሚጨፍኑት። ሁለቱንም አይደለም።»

ርዕሰ መምህሩ ጉሮሮውን ጠራርጎ እንደገና አስጠጋ። ትንሽ ቆይቶ ሜትሩን በዳበሳ ወደ ኪሱ ከተተ።

«የሚርገበገበው ምንድን ነው?»

«አየሩ ነው።»

«ይህች ዳር ላይ ያለችው ጥቁር ሹልስ?»

«የተራራ ጥላ ናት። እዚያ ጋ ገና እየነጋ ነው።»

በሌላኛው ዓይኑ አየ። መነጽሩን አውልቆ አየ። ሲጨርስ ጣሪያው ላይ ሁለት እርምጃ ሄዶ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ጀርባ፣ ወደ ድሮው መሠረት ቁልቁል ተመለከተ።

«ማማው ስንት ሜትር ነው ያሉት?»

«ሁለት።»

«በጽሑፍ ያቅርቡ። ነገ ከአራት ሰዓት በፊት ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን።» ደብተሩን ከፍቶ የለካውን ሰረዘ። ጥሩ ነው አላለም። አመሰግናለሁም አላለም። እሷም አልጠበቀችም።

ሲወርድ ደረጃው ላይ ለሌላ ሰው መንገድ ለቀቀ። አልማዙ ነው። በሩ ላይ ቆመ። ሁለቱም እጆቹ ኪሱ ውስጥ ናቸው።

«ሰውየው ምን አለ?»

«በጽሑፍ አቅርቢ አለ።»

«አየ ማለት ነው?»

«አየ።»

«ሽራፊው የት ጋ ነው የሚታየው?»

«የትም።»

አልማዙ ቱቦውን አየ፣ እሷን አየ። «ታውቂ ነበር?»

«ትናንት አውቄያለሁ።»

«እዚያው ሱቁ ውስጥ?»

«እዚያው ሱቁ ውስጥ።»

«ዓይኔን ሳልከድን ነው ያደርሁት! ጨካኝ ነሽ እኮ። እውነት ጨካኝ ነሽ።»

«አንድ ሌሊት ነው። እኔ ስድሳ ቀን ነበረኝ።»

ከታች ጥበቃው በሩን ሲቆልፍ ተሰማ። አትንኩ ከቴሌስኮፑ አንድ እርምጃ ራቀች፤ ና አላለችውም፣ አትምጣም አላለችውም።

አልማዙ እጆቹን ከኪሱ ሳያወጣ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን አስጠጋ። ከርዕሰ መምህሩ የበለጠ ቆየ። ከዚያ ወደ ቱቦው አፍ ዞሮ ወደ ውስጥ፣ ወደ ትንሿ መስታወት ተመለከተ።

«አቧራ አርፎባታል» አለ።

«ይኑርባት።»

ኪሶቹ ውስጥ ጣቶቹ ሲላወሱ አየች። አልወጡም።